አጥፍተው ላበሩት ወሰን

ለተከበሩ የመሬት መዝገብ ቤታችን ኃላፊ (የመሥሪያ ቤቱን ስም ለክብሩ ስል ትቼዋለሁ)
መቱ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ከቁርስ እስከ ምሳ አራት ጊዜ ከሚጠፋው የቢሮዎ ኮምፒውተር የጸና ጤና እንዲሰጥዎ ምኞቴ ነው። ከሁሩሙ የምጽፍልዎ የሟች አምባዬ ሚስት ጥሩአየሁ ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ የኮምፒውተሩን መስታወት በድንጋይ ያደቀቅኩትም እኔው ነኝ፤ አልጸጸትም። ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. ባለሙያዎ ማሽኑ ለምን እንደሚደነዝዝ ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። ፕሮግራሙ ሲሠራ የያዘውን ሜሞሪ፣ ማለት የመሥሪያ ቦታውን፣ አይለቅም አሉኝ፤ የበላበትን ሳህን ሳያጥብ ሌላ እንደሚያወርድ ሰው ቤቱን ሞልቶ መላወሻ ያጣል። ያኔ አጥፍተው ያበሩታል፣ ያልተቀመጠው ሥራም አብሮ ይደፋል። ፕሮግራሙን ማስተካከልስ ብላቸው ማጥፋቱ ይቀላል አሉኝ።

፪. ባሌና ጎረቤታችን ወልደ የሱስ ወሰናችን ጅረቱ ነው ብለው፣ ተስማምተው፣ ጎን ለጎን ቆመው አስመዘገቡ። የባሌ ወረቀት ታትሞ ወጣ። የወልደ የሱስ ሳይወጣ ማሽኑ ደረቀ፤ አጠፋችሁት፣ አበራችሁት። ሲነሳ የዚያን ዕለቱን ረስቶ የድሮውን ወሰን፣ ከጅረቱ ወዲህ በእኛ በኩል ያለውን ዋንዛ፣ አትሞ ሰጠው። እርስዎም ሁለቱንም ሳያነቡ ፈርመው በማኅተም አከበሩልን። ወልደ የሱስም ኮምፒውተር አያዳላም ብሎ አመነበት።

፫. ቡና ለቀማ ሲደርስ ሁለቱም ወረቀታቸውን ይዘው በዋንዛውና በጅረቱ መሃል ተገናኙ። የመጀመሪያው የወልደ የሱስ ገጀራ ምት የባሌን እጅ ከነወረቀቱ ጣለው፣ ሁለተኛው አንገቱን አገኘው። ደሙ ጽሑፉን ሁሉ ሲውጥ ማኅተምዎ ብቻ ይነበብ ነበር፤ ጥራቱን አደንቃለሁ። ማሽንዎ በጠፋ ቁጥር ይነሳል፣ አምባዬ ግን ጠፍቶ ቀረ።

፬. ደሙን ለማድረቅ የጉማ፣ የደም ካሣ ዕርቅ፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ ቅዳሜ የሟችንና የገዳይን ወገን ፊት ለፊት ያስቀምጣሉ። የወልደ የሱስ ወገኖች ግን ወረቀታቸውን እያሳዩ ሟች ድንበር ገፍቶ ነው የሞተው ይላሉ፤ ባሌን በመቃብሩ ውስጥ ሌባ አደረጉት። ሁለተኛው ወረቀት የማሽን ስህተት ነው የሚል አንድ መስመር እንዲጻፍልኝ ሰባት ጊዜ ተመላለስኩ። ኮምፒውተሩ አሁን ይሠራል፣ ችግሩ ተፈቷል ተባልኩ፤ ድንጋዩን ያነሳሁት ያኔ ነው። የባሌ ወንድም ዮፍታሄ ገጀራውን ስሎ ቅዳሜን ይጠብቃል። ያቺ አንድ መስመር ካልደረሰች አልይዘውም፤ እውነቱን ልንገርዎና መያዝም አልፈልግም።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩብዎ፣ እርስዎም ባሌን ስለወሰዱልኝ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ከማኅተምዎ በታች የምገኘው፣
ጥሩአየሁ፣ የአምባዬ መበለት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን ማን ፈረመው ብለው ሲጠይቁኝ ስምዎን ከነማዕረግዎ አነበብኩላቸው። ስለዚህ ቅዳሜ በገዳይ ወገን በኩል ለእርስዎም ቦታ ተይዞልዎታል። የሚቀመጡት ከወልደ የሱስ አባት ቀጥሎ ነው።