ጥፋቱ የወይባው አይደለም

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለታላቅ እኅቴ ለኑራ፣

እታለም፣ አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ጉልበትሽ በዚህ ብርድ ዘንድሮም ያስቸግርሻል ወይስ ትንሽ አደብ ገዛ? ባለቤትሽ ጋሽ ሙኽታርስ ደኅና ነው? እናታችንስ፣ ዓይኗ ተሻላት? ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ የሐይቅ ሰው ሁሉ አማን ነው? እኔ ለሥጋዬ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። እንቅልፍ ግን ከራቀኝ ሰነባብቷል፤ ብዕር ያነሳሁትም ምክንያቱን ልነግርሽ ነው።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ደውዬልሽ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ብርዱ አውርቼ ዘጋሁት። ድምፅሽን ስሰማ ወኔ ይከዳኛል። ደግሞም ወረቀት ለሌላ ሰው ማሳየት ይቻላል፤ እንድታሳዪውም እፈልጋለሁ።

እታለም፣ የልጅሽን የሪሀናን ፊት ያቃጠለው አንቺ ያሞቅሻት የወይባ ጢስ አይደለም። እኔ የላክሁላት ክሬም ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ልጅሽ ለሠርጓ አንድ ወር ሲቀራት ደውላ፣ አክስቴ፣ ለቦሌ ሴቶች የምትሠሪውን ፊት የሚያጠራ ክሬም ለእኔም ላኪልኝ አለችኝ። ያኔ ማለት የነበረብኝ፣ ልጄ አንቺ ጠይም ቆንጆ ነሽ፣ ፊትሽ ምንም አልጎደለውም ነበር። እኔ ግን ደስ አለኝ። ታውቂኛለሽ፤ ኬሚስትሪ ተምሬ ገርጂ አንዲት ክፍል ውስጥ ቅባት ሳማስል መዋሌን አገር ቤት ማንም እንደ ሥራ አይቆጥርልኝም። አውሮፕላን ላይ የሚሠሩት ልጆች ደረቁ አየር ፊታቸውን ሲሰነጥቀው እኔ ዘንድ እንደሚመጡ ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። እንግዲህ የሙሽራዋ ፊት ሲያበራ ሰው ሁሉ የማን እጅ ነው ብሎ ይጠይቃል ብዬ ጓጓሁ።

የክሬሙ ነገር እንዲህ ነው። ውስጡ ላክቲክ አሲድ የሚባል ነገር አለ፤ ወተት ሲረጋ የሚያኮመጥጠው እሱ ነው። በልኩ ሲሆን ከላይ ያለውን የሞተ ቆዳ አላልቶ ያራግፈውና ከሥር ያለው ለጋው ብቅ ይላል። ከልኩ ሲያልፍ ግን የሞተና ያልሞተ አይለይም። ልኩን የምናውቀው ፒኤች በሚባል ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል። የእኔ ክሬም አራት ላይ መሆን አለበት። ከአራት ወደ ሦስት መውረድ ለሰሚው ምንም አይመስልም፤ በእኛ ሥራ ግን አሥር እጥፍ መበርታት ማለት ነው። መለኪያውም ልኩ በታወቀ ፈሳሽ በየጊዜው ተነክሮ ካልተስተካከለ ይዋሻል።

ክሬሙን የሠራሁት ሐሙስ ከሰዓት ነው። በማግስቱ ንጋት ላይ ከላምበረት ወደ ደሴ ለሚነሳ ሾፌር ልሰጠው ተቀጣጥሬ ስለነበር ልቤ ተሰቅሏል። አብራኝ የምትሠራው ዳናይት፣ መለኪያውን አስተካክለሽዋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መቀሌ ያደገች፣ ነገሯ ሁሉ ቁጥብ የሆነ ልጅ ናት፤ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አትጠይቅም። ትናንት አስተካክዬዋለሁ አልኳት። አላስተካከልኩትም ነበር፤ ማስተካከያው ፈሳሽ ካለቀ ሳምንት ሆኖታል። መለኪያው አራት ነጥብ አንድ አለኝ፣ አመንኩት፣ አሽጌ ላክሁት። ስለ ወይባም አንዲት ቃል አልጻፍኩም። የወሎ ልጅ ሆኜ፣ ሙሽራ ወይባ ሳትሞቅ እንደማትዳር እያወቅሁ! ለቦሌ ሴቶች የማትመውን ማስጠንቀቂያ፣ ከፀሐይ ተጠንቀቁ የሚለውን፣ እንዳለ ለጥፌ ሰደድኩት። ሙቀትና ላብ ያለሰለሰው ቆዳ የተቀባውን ሁሉ እንደሚመጥ ለደንበኞቼ የማስተምረው እኔው ነበርኩ።

የቀረውን አንቺ ታውቂዋለሽ። ሠርጉ አምስት ቀን ሲቀረው እንደ ደንቡ ወይባውን አጭሰሽ፣ በብርድ ልብስ ፊቷን ጨምረሽ ሸፍነሽ አሞቅሻት። ከዚያ ወጥታ የእኔን ክሬም ተቀባች። ያኔውኑ ፊቷ ቀላ፣ በነጋታው አበጠ፣ ከዚያ ተላጠና ጠቁሮ ቀረ። እያለቀስሽ ስትደውዪልኝ እኔ ምንም ሳላጣራ፣ ወይባው በዝቶባት ነው፣ ቶሎ መግለጥ ነበረብሽ አልኩሽ። አንቺም አመንሽኝ፤ የተማረችው እኅትሽ ነኛ!

ሠርጉ ላይ መጥቼ ሪሀና ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣ ሳያት ያ ያላስተካከልኩት መለኪያ ትዝ አለኝ። አዲስ አበባ እንደተመለስኩ መገናኛ ሄጄ ማስተካከያውን ፈሳሽ ፈልጌ አመጣሁ። ከምንሠራው ሁሉ በትንሽ ብልቃጥ የማስቀመጥ ልማድ አለንና የሪሀናን ክሬም አውጥቼ ለካሁት። ሦስት ነጥብ አንድ። ደግሜ ለካሁት፤ ያው ነው። ዳናይት ከኋላዬ ቆማ ቁጥሩን አየችው። ሄዳ ዕቃ ታጥብ ጀመር። በዚያ በተሳሳተ መለኪያ የሠራሁትን በሙሉ በማግስቱ ከየሱቁ ለቃቅሜ መለስኩ። ለቦሌ ሱቆች ወዲያው የነገርኩትን እውነት ለገዛ እኅቴ ሳልነግር ይኸው አምስት ሳምንት አለፈኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ግን ዝም ባልኩ ቁጥር አንቺን አጠቆርኩሽ።

ባለፈው እናታችን ስትደውል ሁሉንም ነገረችኝ። ሪሀና እናቴ ናት ያቃጠለችኝ ብላ ለመልሷ እንኳ ሳትመጣ ቀረች፤ ደግሳችሁ፣ ጠብቃችሁ፣ ድግሱ ለጎረቤት ተበላ አለችኝ። የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ ስታሞቂ የኖርሽውን አንቺን ትተው፣ ጎረቤቶችሽ አሁን የልጆቻቸውን ገላ ለሌላ ሴት ይሰጣሉ አሉ። አንቺም የወይባውን ጉድጓድ በአፈር ደፈንሽው አሉ። እታለም፣ የአንቺ እጅ ስንቱን ሙሽራ አሙቆ ድሯል፤ አንዲትም ተቃጠለች ሲባል ሰምተን አናውቅም። ያበላሸው የእኔ ችኩልነት ነው፣ የባሰው ደግሞ ውሸቴ ነው።

ስለ ፊቷ አደራ የምልሽ አለኝ። የእኛ ቆዳ ሲቆጣ ጥቁረት ጥሎ ይሄዳል እንጂ ይህ ጠባሳ አይደለም፤ ወራት ይፈጅ ይሆናል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። ሎሚ እንዳትቀባ፣ የሚያነጣ ክሬም የሚባል ከማንም እጅ እንዳትቀበል፣ ከእኔም ቢሆን። ፀሐይ አይንካት። ደሴ ሄዳ የቆዳ ሐኪም ትታይ፤ ክሬሙ ውስጥ ምን እንደነበረ አንድም ሳላስቀር በሌላ ወረቀት ጽፌ አያይዣለሁ፣ ለሐኪሙ ይስጡት።

ረመዷን ሊገባ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ይህን ተሸክሜ መጾም አልችልም። አፉ በይኝ። አፉ ባትዪኝም እውነትሽን ነው፣ ቅር አይለኝም። ይህን ደብዳቤ ግን ጎረቤቶችሽን ሰብስበሽ በፊታቸው አስነብቢው፤ የእኔን ስም እየጠራ ይነበብ።

ለእናታችን ጉልበቷን ስሜያለሁ በይልኝ፤ መጀመሪያ ለእሷ ስላልነገርኳት ትቆጣኛለች፣ ትቆጣኝ። ለጋሽ ሙኽታር ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ሠርጉ ላይ ዓይኑን ማየት ያቃተኝ ለምን እንደሆነ አሁን ይገባዋል። ለታናሹ ልጅሽ ለፈድሉ፣ ደብዳቤውን የሚያነብልሽ እሱ ከሆነ፣ አክስቱ የጻፈችውን አንድም ቃል እንዳይዘል በይልኝ።

ለሪሀና ሰላምታ በአንቺ በኩል አልልክም። ይህንኑ ደብዳቤ ቃል በቃል ገልብጬ በባሏ በአብዱልሐሚድ እጅ እንዲደርሳት ልኬላታለሁ፤ አንቺ ይህን ስታስነብቢ እሷም እያነበበችው ነው። ከታች የጨመርኩበት ይህን ብቻ ነው፦ ልጄ፣ የምትቀየሚው እኔን ነው፤ ተነሺና እናትሽ ዘንድ ሂጂ።

ታናሽ እኅትሽ ሰዓዲያ

ገርጂ፣ አዲስ አበባ
ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.