ሦስተኛው ጋን ዜሮ ያለ ዕለት

ለጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካችን ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ጤናዎ እንዲጠበቅ፣ እንቅልፍዎ እንዲጥምዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁለቱም እጆችዎ ሙሉ ሆነው እንዲኖሩልዎ ከልቤ እመኛለሁ።

እኔ የማቅለሚያ ክፍሉ መዝገብ ያዥ ነኝ። ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በበሩ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ላይ ሳልናገር ስለተቀመጥሁ ብዙ ሰው ከጠረጴዛዋ ጋር ተገዝቼ የመጣሁ ይመስለዋል። መዝገቤ ሁልጊዜ በቀኑ፣ በአየሩ ሁኔታና በተገኙት ሰዎች ይጀምራል። እጄ ሌላ አጀማመር ስለማያውቅ፣ ይህን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሁሉም እንዲያነበው የምለጥፈውን ደብዳቤም እንዲሁ እንድጀምር ይፍቀዱልኝ።

ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን። ሰማዩ ደመና ለብሷል፤ ነፋስ የለም፤ እንፋሎቱ ከጣሪያው ሥር አልወጣም ብሎ ተኝቷል። የተገኙ፦ ታናሽ እህቴ በሦስተኛው የብረት ማቅለሚያ ጋን፣ ሁለት ባልደረቦቿ በአንደኛውና በሁለተኛው፣ ጋሽ ፒንሳ የምንለው ጠጋኛችን በመሰላሉ ላይ፣ እኔ በጠረጴዛዬ። ያልተገኘ፦ የግፊት መለኪያው።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ሲሆን እህቴ ቀና ብላ ስክሪኑን አየች። የሦስተኛው ጋን ግፊት ዜሮ ይላል። ዜሮ ማለት ጋኑ ተንፍሷል፣ ክዳኑ ይከፈት ማለት ነው። የመጀመሪያውን ብሎን ገና እንዳላላች የታፈነው እንፋሎት ወጥቶ ቀኝ እጇን ከመዳፏ እስከ ክርኗ ገፈፈው። ጩኸቷን በመዝገብ እንዴት እንደሚጽፉት ስለማላውቅ አልጻፍኩትም።

ቅዳሜ ዕለት፣ ገና በተኛችበት፣ የክቡርነትዎ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ደረሳት። በግዴለሽነት ግፊት ያለበትን ጋን መክፈቷን በማመን እስከ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ድረስ እንድትፈርም፣ ከፈረመች በማስጠንቀቂያ እንደምትታለፍ፣ ካልፈረመች ግን ከሥራ እንደምትሰናበት ይገልጻል። ፍጥነትዎ አስደንቆናል፤ ሐኪሙ ለሁለተኛ ጊዜ ሳይጠይቃት ወረቀቱ ቀድሞ ጠይቋታል። እህቴ አንብባ ስትጨርስ፣ «እትዬ፣ በየትኛው እጄ ልፈርም? በግራዬ ብፈርም ደግሞ ፊርማ አስመስላለች ብለው ሁለተኛ ይከሱኛል» ብላ ሳቀች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና፣ «ፈርሜ ብገላገል ይሻለኛል መሰለኝ» አለች። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ ሳቅ አይደለም፤ ከሳቁ በኋላ የመጣው ነው። ጥፋት የሌለበት ሰው ጥፋቱን ለመቀበል ሲለማመድ ማየት ከእንፋሎቱ የባሰ ያቃጥላል።

ስለዚህ ዛሬ እሑድ ቁጭ ብዬ ምስጋናዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። በየጋኑ ላይ ከነበሩት የናስ የግፊት መለኪያዎች፣ እኛ ጌጅ ከምንላቸው መካከል፣ የሦስተኛውን ጋን ጌጅ አስነቅለው፣ አስወልውለው፣ በእንግዳ መቀበያዎ አዳራሽ በመስታወት ሣጥን ውስጥ በቀይ ከፋይ ላይ ስላስቀመጡልን እናመሰግናለን። ከሥሩ «የትናንት ትዝታ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። እንግዶች ፎቶ ሲነሱበት አይቻለሁ። የሌሎቹ ሁለት ጋኖች ጌጆች ትዝታ ለመሆን አልታደሉም፤ ለቁርጥራጭ ብረት ተጣሉ። ቀዳዳዎቹን ጋሽ ፒንሳ በታዘዘው መሠረት በብረት ወትፏቸዋል።

ሁለተኛ። በማቅለሚያ ክፍሉ አንድ የቆየ ደንብ ነበረን፤ «ያነበበ አይከፍትም፣ የከፈተ አያነብም» የሚል። አንዷ ጌጁን ጮክ ብላ ታነባለች፤ ሌላዋ የሰማችውን መልሳ ትናገራለች፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ብሎን አይነካም። ዘፈን ይመስል ነበር፤ አዲስ የሚመጡ ሴቶች ይስቁብን ነበር። ስክሪኑ ሲተከል «አንባቢ አያስፈልግም» ብለው አንባቢዎቹን ወደ ማሸጊያ ክፍል አዛወሩልን። ብቻዋን የምታነብ ሴት የምትስማማው ከራሷ ጋር ብቻ ነው፤ ከራስ ጋር መስማማት ደግሞ እንደሚያውቁት እጅግ ቀላል ነው።

ሦስተኛ። ይህኛው ስለሚረዝም ወንበርዎን ጠጋ አድርገው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

ከቢሮ የሚጣለው የታተመ ወረቀት ወደ እኔ ይወርዳል። በጀርባው የቀለሙን ቁጥር እየጻፍኩ በጨርቁ ጥቅልል ላይ አስረዋለሁ። ፊቱን ግን ሳላነብ አስሬው አላውቅም። ፊቱ ላይ የኮምፒውተር ፕሮግራም መማሪያ ነበረበት፤ ኋላም የእናንተው የቴክኖሎጂ ክፍል ለዚሁ ስክሪን የጻፈው ኮድ። በስድስት ዓመት ውስጥ ብጥስጣሹን በገጹ ቁጥር እየደረደርኩ፣ ያልገባኝን ደግሜ እያነበብኩ ተማርኩ። ገጽ አርባ አንድ እስከ ዛሬ አልወረደችልኝም። እዚያ ላይ ያለውን አላውቅም፤ የማላውቀውንም አውቃለሁ አልልም። የሚቀጥለው ግን ገጽ አርባ አንድን አይፈልግም።

ስክሪኑ ላይ የምናየው ድረ ገጽ ነው፤ በኢንተርኔት እንደምናየው ዓይነት፣ ከክፍላችን የማይወጣ ብቻ። ድረ ገጹ ጋኑን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ከጋኑ ጋር የሚነጋገረው እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠ፣ በማሽኑ በራሱ ቋንቋ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም ነው፤ ጋኑ ላይ ሆኖ ግፊቱን ከሚለካው ሴንሰር በሽቦ የሰማውን ለድረ ገጹ ያቀብላል። የሁለቱ ቋንቋ ስለማይገጥም የሚቀባበሉት ማንኛውንም ነገር ሊይዝ በሚችል ሣጥን ነው። ሣጥኑ ቁጥር ይይዛል፤ ጽሑፍ ይይዛል፤ አዎ ወይም አይደለም ይይዛል፤ ምንም ሳይዝም ይላካል። በላዩ ላይ የያዘውን የሚናገር ምልክት አለ። ተቀባዩ መጀመሪያ ምልክቱን ያነባል፤ ከዚያ ይከፍታል። ልክ እንደ ጋን ማለት ነው፣ ክቡርነትዎ።

ሐሙስ ዕለት የሦስተኛው ጋን ሴንሰር ሽቦ በእንፋሎቱ ላልቶ ወጥቶ ነበር። የውስጡ ፕሮግራም አልዋሸም፤ «ንባብ የለም» የሚል ምልክት ያለበትን ሣጥን ላከ። ድረ ገጹን የጻፈው ባለሙያ ግን ምልክቱን የሚያነብ ነገር አላስቀመጠም፤ የመጣውን ሁሉ ወደ ቁጥር ቀይር የሚል አንድ መስመር ጽፎ አለፈ። ምንም የሌለበት ሣጥን በዚያ መስመር ውስጥ ሲያልፍ ዜሮ ይሆናል። «አላውቅም» ብሎ የገባው «አደጋ የለም» ሆኖ ወጣ። እህቴ ያመነችው ይህን ነው፤ እንድታምን ያዘዟትም እርስዎ ነዎት።

በእኔ መዝገብ ያልተነበበ ነገር ዜሮ ተብሎ አያውቅም። ሰረዝ ይደረግበታል፤ ከጎኑም ለምን እንዳልተነበበ ይጻፋል። ይህን ያስተማረኝ ማሽን አይደለም፤ ከእኔ በፊት መዝገቡን ትይዝ የነበረች፣ ከአራተኛ ክፍል ያላለፈች ሴት ናት።

ይህ የመዝገብ ያዥ ቅዠት እንዳይመስልዎ ዓርብ ዕለት ሁለተኛው ጋን ግሎ ሳለ፣ ክዳኑ በደንብ እንደታሰረ፣ ጋሽ ፒንሳ የሴንሰሩን ሽቦ በእኔ ፊት ነቀለው። ስክሪኑ ሁለት ነጥብ ሦስት ይል የነበረው ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ዜሮ አለ። ጋኑ ግን ያጉረመርማል። ጋሽ ፒንሳ ሽቦውን በእጁ እንደያዘ፣ «እኔ ተቆጥቼ እንዲህ ቶሎ የምበርድ ባል ብሆን ኖሮ ሚስቴ በወደደችኝ» አለ። ማንም አልሳቀም፤ እሱም አልሳቀም።

አራተኛ። እህቴ ከመቃጠሏ በፊት ሦስት ጊዜ፣ ጋኑ እየፈላ ስክሪኑ ዜሮ ማለቱን በመዝገቤ ጽፌ ለቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊው አቅርቤ ነበር። ለሰጡኝ ትሕትና የተሞላበት መልስ ባለውለታቸው ነኝ፤ «እትዬ፣ እርስዎ ክርዎን ይቁጠሩ፤ ዳታውን ለእኛ ይተዉልን» ነበር ያሉት። ተውኩላቸው። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ የሚፈረም ወረቀት ካለ የእኔን ያምጡልኝ። አንድ ጊዜ ጮክ ብዬ ብናገር ኖሮ የእህቴ እጅ ዛሬ ጸጉሯን ያበጥር ነበር።

አምስተኛ። አንደኛውና ሁለተኛው ጋን ነገም በዚሁ ስክሪን ይከፈታሉ።

ልመናዬ አጭር ነው። የእህቴ ወረቀት ይነሳልን። በድረ ገጹ ላይ የጎደለችው መስመር ትጻፍ፤ የመጣው ሣጥን ንባብ ከሌለው ስክሪኑ ቀይ ሆኖ «አላውቅም» ይበል። አላውቅም ማለት ውርደት አይደለም፤ እኔ በየቀኑ እለዋለሁ፤ እስካሁን ማንንም አላቃጠለም።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት ያነበቡበት ዓይንዎ እንዳይደክም፣ የምላሽ ወረቀት የሚፈርሙበት ቀኝ እጅዎም ብርታት እንዲያገኝ እየተመኘሁ፣ በበሩ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ እጅ የምነሳ፣ ክር ቆጣሪዎ፣

የማቅለሚያ ክፍሉ መዝገብ ያዥ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤው ሳይለጠፍ ነጋ፤ ስለዚህ የማግስቱን መዝገብ እጨምርበታለሁ።

ሰኞ፣ የወሩ አሥራ ስድስተኛ ቀን። ሰማዩ ጠርቷል፤ ቀዝቃዛ ነፋስ አለ። የተገኙ፦ እህቴ እጇን በጨርቅ አንጠልጥላ፣ ሁለቱ ባልደረቦቿ፣ ጋሽ ፒንሳ፣ እኔ፣ በኋላም የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። ወደ እንግዳ መቀበያው ገባሁ። የመስታወቱ ሣጥን ቁልፍ የለውም። ጌጁን አነሳሁ። ጥበቃው፣ «ወዴት ሊወስዱት ነው?» አለኝ። «ወደ ሥራው» አልኩት። በሩን ከፈተልኝ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ። ጋሽ ፒንሳ ውታፉን ነቅሎ ጌጁን በሦስተኛው ጋን ላይ መለሰው። ጋኑ ተለኮሰ።

ለሁለት ሰዓት አምስት ደቂቃ ጉዳይ። የሴንሰሩን ሽቦ ነቀልኩ። ስክሪኑ፦ ዜሮ። ጌጁ፦ ሁለት ከሩብ።

ሁለት ሰዓት። የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ይዘው መጡ። ጌጁን ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ «ሁለት ከሩብ!» ሦስቱ ሴቶች መለሱ፤ «ሁለት ከሩብ፤ አይከፈትም!» ኃላፊውን ወደ ስክሪኑ አሳየኋቸውና፣ ዜሮ ስለሚል፣ እህቴ ከመፈረሟ በፊት ክዳኑን እሳቸው እንዲከፍቱልን በአክብሮት ጠየቅኳቸው። የመፍቻውን እጀታም በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ አቀረብኩላቸው። ኃላፊው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። በመዝገቡ ሰፍሯል፦ ሦስት።

ሁለት ሰዓት ከአሥር። እህቴ በግራ እጇ በፊርማው ቦታ ላይ አንድ ሰረዝ አሰመረችና ወረቀቱን መለሰች። በእኛ ክፍል ሰረዝ ምን ማለት እንደሆነ ከላይ አስረድቻለሁ። ወደ ክቡርነትዎ ሲደርስ፣ ባለሙያዎ «አዎ» ወደሚል እንዳይቀይሩት ይጠንቀቁልኝ።