ስድስት ወር ስላልተከፈተው ዜማ

ይድረስ ለተከበሩ የድረ ገጻችን አስተናጋጅ ድርጅት የሰርቨር አስተዳደር ኃላፊ፤
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ጤና፣ ቀጥሎም ከሁላችንም ጤና አብልጠው የሚጨነቁለትን የሰርቨርዎን ጤና በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ፀደይ ጌጡ እባላለሁ፤ በንፋስ መውጫ የኮምፒውተር መምህርት ነኝ። በእርስዎ ሰርቨር ላይ አንዲት ትንሽ ድረ ገጽ አስተዳድራለሁ፤ ማስተዳደር ማለት በየሳምንቱ የሚልኩልንን ማስተካከያ «አዎ» እያሉ መቀበል ከሆነ ማለቴ ነው።

በዚህች ድረ ገጽ ላይ የነበረው ከዚሁ ካገራችን ቤተ ልሔም ድጓ አስመስክረው ዜማ ያስተምሩ የነበሩት የመሪጌታ ሀብቴ ድምፅ ነው። ካቻምና ጉልበታቸው ሲከዳቸው ጾመ ድጓን ከዳር እስከ ዳር ሲያዜሙ በስልኬ ቀዳሁ፤ ሰርቨርዎ ላይ ከጫንሁት በኋላ ስልኬ ሞልቶ ስለነበር ከስልኬ አጠፋሁት። ከወገዳ እስከ እስቴ በየደብሩ የተበተኑት ተማሪዎቻቸው ባለፈው ሁዳዴ ከዚያ እየሰሙ ለአገልግሎት ቆሙ። ስጭነው መሪጌታ አጠገቤ ተቀምጠው «ልጄ፣ ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። እኔ ዘንድ ነው አልኋቸው። ሐምሌ ላይ አረፉ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

፩ኛ. በመስከረም ወር ድረ ገጹን በምንቆጣጠርበት ኮንትሮል ፓኔል ላይ «ማጽጃ» የሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም ስለጨመሩልን እናመሰግናለን። ይህ ትጉህ አገልጋይ ስድስት ወር ያልተከፈተን ፋይል ሁሉ አላስፈላጊ ነው ብሎ ይጠርጋል። ጾመ ድጓ ደግሞ፣ ማስረዳቴ ድፍረት ካልሆነብኝ፣ የሁዳዴ ዜማ ነው፤ ትንሣኤ ሲደርስ ይከደናል፣ እስከ ከርሞም የሚከፍተው የለም። ይህ ሥርዓት በእኛ ዘንድ ከሺህ ዓመት በላይ የቆየ ነውና ለማጽጃዎ በጊዜ ሳናሳውቅ መቅረታችን የራሳችን ጥፋት ነው። ጥቅምት ላይ ስድስት ወሩ ሞላ፤ የዜማው ማኅደርም ጸዳ። ለማጽጃው የፈቀድሁለትም እኔው ነኝ፤ ቀዩ ማስታወቂያ «ይመከራል» ሲለኝ፣ መካሪን ማክበር ተምሬ ስላደግሁ፣ እሺ አልሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

፪ኛ. በየሳምንቱ መጠባበቂያ ቅጂ የሚያስቀምጥልን ባክአፕዎ አንድም እሑድ አላስታጎለም። ባዶውን ማኅደር በታላቅ ታማኝነት እየገለበጠ አስቀመጠ፤ በአራተኛው ሳምንት ደግሞ ድምፁ ያለበትን የመጨረሻ ቅጂ ቦታ ለማስለቀቅ ሲል አጠፋው። አሁን የባዶ ማኅደር አራት ቅጂ አለን፤ አንዱ ቢጠፋ ሦስቱ ስለሚቀሩልን በዚህ በኩል ስጋት የለብንም።

፫ኛ. ትምህርቱን ሳይጨርስ መምህሩ ያረፉበት የወገዳው ዲያቆን መሐሪ ጥር ላይ ደውሎ «እትዬ ፀደይ፣ ገጹ ባዶ ሆነብኝ፤ ለዘወረደ ምን ልስማ?» አለኝ። መጽሐፉማ አለ፤ የዜማ ምልክቱን በመሪጌታ አካሄድ የሚያዜምለት ነው የጠፋው። ወዲያው ለድርጅትዎ አመለከትሁ፤ ማስረጃ ላኪ ተባልሁ። እዚህ መብራት ሦስት ቀን ጠፍቶ ነበርና በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ስላልመለስሁ ጉዳዩ «ተፈትቷል» ተብሎ ተዘጋ፤ በአገልግሎቱ ምን ያህል እንደረካሁም በኮከብ እንድገልጽ ተጋበዝሁ። ከዚያ ማጽጃው ከማጥፋቱ በፊት እንዲያስጠነቅቅ የሚያደርግ ማስተካከያ ላካችሁልን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል ያገሬ ሰው። ፓኔሉ አሁን በአረንጓዴ ቀለም «ሁሉም ጤናማ ነው» ይላል፤ እውነቱን ነው፤ የሚታመም ነገር አልቀረበትም።

ክቡር ሆይ፤ ከዚህ በኋላ ለማን አቤት እንደምል አላውቅም። ደጅ እንዳልጠናዎ ደጅዎ የት እንደሆነ አይታወቅም፤ ኢሜይልዎም መልስ እንደማይቀበል ከግርጌው ተጽፎበታል። ሁዳዴ ሊገባ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። መሐሪ በየቀኑ ይደውላል፤ ስልኩን ማንሳት እየፈራሁ ነው። በመሪጌታ መቃብር በኩል ሳልፍም አቀርቅሬ ነው የማልፈው፤ አፍራለሁ።

ለሰርቨርዎ ንጽሕና ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከማይጓደል አክብሮትና ሰሚ ካላገኘ እሮሮ ጋር፣

ሁልጊዜ «አዎ» ባይ ደንበኛዎ፣
ፀደይ ጌጡ
የድረ ገጿ አስተዳዳሪ (በስም)
ንፋስ መውጫ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለካ ማጽጃዎ አንድ ፋይል ምሮልናል፤ ከዜማው ውጭ ለብቻው ያስቀመጥሁትን። መሪጌታ ሳል ይዟቸው ዜማውን ያቋርጡና «ካሰች፣ እስቲ ውኃ አቀብይኝ» ይላሉ፤ ሌላ ነገር የለበትም። ልጃቸው ካሰች ስሟን ሲጠሩ ለመስማት በየሳምንቱ ስለምትከፍተው ተረፈ። ትናንት ፓኔልዎ ስለዚሁ ፋይል ጻፈልኝ፤ ብቻውን የቀረ ፋይል ያለጥቅም ቦታ ይይዛልና ሊያስወግደው አስቧል። ያቀረበልኝ ምርጫ «አዎ» እና «ነገ አስታውሰኝ» ነው፤ «አይሆንም» የሚል የለም። ነገ አስታውሰኝ ብያለሁ። ዛሬም አስታውሶኛል።