ዜማ ያልተሠራለት የመጨረሻ መስመር

ለውድ ወንድሜ ለሴድሪክ፣

ለመሆኑ እንደምን አለህ? ኖራስ እንዴት ናት? ልጆቹ አደጉልህ? ያመኝ ጀመር ያልከው ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ወደብ ላይ ጆንያ ስትሸከም ትውላለህ? ያለህበት ፍሪማንትል ሙቀቱ አላስቀምጥ አለኝ ብለህ ነበር፤ እዚህ ደግሞ ማርች ገብቶም ጣታችን ከጓንት አልወጣም። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ ግን እኔን አትቁጠረኝ፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኝ ከጠዋት ጀምሮ ደረጃውን ስወጣ ስወርድ ነው የዋልኩት።

ይህን የምጽፍልህ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን መጋረጃው ይከፈታል። የቶርንሾ የኦፔራ ማኅበራችን ዘንድሮ የሚያሳየው «የከንቲባው በር» የተባለውን አስቂኝ ኦፔራ ነው። ከሰማንያ ዓመት በፊት እዚሁ ከተማ ተደርሶ፣ አንድ ሰሞን ታይቶ የጠፋ ነው። ግጥሙ ከአልባሳት ሣጥናችን ሥር፣ ብል በበላው የጳጳስ ካባ ተጠቅልሎ ተገኘ። ከዜማው ግን አንድ ኖታ እንኳ አልተረፈም። ታዲያ አዘጋጃችን ሚስስ ጎክሮጀር፣ ያቺ የሥጋ ሻጩ ሚስት፣ «ኢኒድ፣ አንቺ እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት ኦርጋን ትጫወቺ የለ? በይ ዜማውን ሥሪው፤ መዝሙር የቻለ ዘፈን አያቅተውም» ብላ ሸክሙን ጫነችብኝ። እኔም ሞኝ ነኝና እሺ አልኩ።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ከንቲባ የኮበለለ ልጁ ተመልሶ እንዳይገባ የከተማውን በር ያዘጋል። ልጁ አንዴ ፀጉር ቆራጭ፣ አንዴ ሰባኪ፣ አንዴ የአህያ ነጋዴ መስሎ ይመጣል፤ ሦስቴም ይባረራል። በመጨረሻ ሽማግሌው በር ጠባቂ ቁልፉን ያወጣና «በሩን ክፈቱለት፣ የቤታችን ልጅ ነው» ይላል። ኦፔራው በዚህ ያልቃል። የመጨረሻው መስመር የማኅበሩ አንጋፋ ድርሻ ነው፤ ልማዱን ታውቀዋለህ። ዘንድሮ አንጋፋው አባታችን ነው።

ይህን የማነሳው ልወቅስህ ብዬ አይደለም። ያኔ ዝግጅታችን ሳምንት ሲቀረው፣ ዋናው ዘፋኝ አንተ ሆነህ ሳለ፣ መርከብ ተሳፍረህ ሄድክ። ማኅበሩ ትኬት የቆረጠውን ሕዝብ ከበር የመለሰው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ሊቀመንበሩ ደግሞ አባታችን ነበር። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስምህ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ሰው ስለ አንተ ሲጠይቀው «ዛሬስ ዝናብ ሳይመጣ አይቀርም» ብሎ ያልፋል። አሁን ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በዚህ ክረምት ብቻ ሁለት ጊዜ አልጋ ይዞ ነበር። ሳትታረቁ እንዳይሞትብኝ እፈራለሁ። ይኸው ተናገርኩት።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። ለዚያ መስመር ዜማ አልሠራሁለትም።

እንዴት እስከዛሬ አልታወቀብሽም ትለኝ ይሆናል። ሕዝብ ሳይቀመጥ የመጨረሻው መስመር አይባልም፣ ከተባለ መዓት ይመጣል ብለው የመድረክ ሰዎች እንደሚያምኑ ታውቃለህ። በልምምድ እዚያ በደረስን ቁጥር ሚስስ ጎክሮጀር «ሻይ!» ብላ ትጮኻለች፤ ሁሉም ወደ ማንቆርቆሪያው ይሮጣል። ስድስት ወር ሙሉ እዚያ ቦታ ላይ ሻይ ስንጠጣ ከረምን። ቫዮሊኖቹ ኖታው መለከት ነፊው ጋ ነው ይላሉ፤ መለከት ነፊው ኢኒድ ጋ ነው ይላል፤ እኔ ደግሞ ነገ ነገ እላለሁ። ስንፍና ብቻ እንዳይመስልህ። ሦስት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። አንዱ ቀብር ቀብር አለኝ፣ ሁለተኛው የከረሜላ ሻጭ ጥሪ መሰለ፣ ሦስተኛውን እያለቀስኩ ቀደድኩት። አባታችንም ስለ ዜማው አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም፤ የበለጠ ያስፈራኝ ይኸው ነው። ያንን መስመር ቢዘለውስ? ቁልፉን መሬት ላይ ጥሎ ከመድረክ ቢወርድስ? ያን ጊዜ በሩ ለአንተ ለዘላለም እንደተዘጋ አገር ምድሩ ያውቃል። ባሌ አርኖልድ «ኧረ ተቀመጪ፣ ምንጣፉን ጨረስሽው!» እያለ ይቆጣኛል። ዘጠኝ ሰዓት ደወለ። ልሂድ።

እሑድ ጠዋት።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ከሱፍ ፋብሪካው ሙሉ ፈረቃ ነው የመጣው። የአህያውን ዘፈን ሕዝቡ ሁለቴ አስደገማቸው፤ ሰው እግሩን እየመታ ሲስቅ እኔ ፒያኖው ላይ ሆኜ የቀሩትን ገጾች እቆጥራለሁ። ለመለከት ነፊው «መጨረሻ ላይ ዝም በል፣ እኔ አውቃለሁ» ብዬው ነበር። የማውቀው ነገር አልነበረም። የወሰንኩት አንድ ድምፅ ብቻ ልምታለት፣ የፈለገውን ይዝፈን ብዬ ነው።

አባታችን ቁልፉን ይዞ ወደፊት መጣ። ፒያኖውን መታሁ። ዝም አለ። ደግሜ መታሁ። አሁንም ዝም። ሚስስ ጎክሮጀር የረሳ መስሏት ከመጋረጃው ጀርባ «በሩን! በሩን ነው የሚለው!» እያለች ታንሾካሹካለች፤ የእሷ ሹክሹክታ ደግሞ ገበያ መሐል ይሰማል። ፊት የተቀመጡት መሳቅ ጀመሩ። አባታችን ዞር አለና በገዛ ድምፁ «ሰምቼሻለሁ ሴትዮ! መስመሩን ከአንቺ በፊት ነው የማውቀው» አላት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ። ከዚያ የበር ጠባቂውን ባርኔጣ አወለቀ።

አልዘፈነውም፣ ሴድሪክ። እራት ላይ ጨው አቀብሉኝ እንደሚል ሰው ነው የተናገረው። «በሩን ክፈቱለት» አለ። ቁልፉን ወደ ሌላ እጁ አዛወረና «የቤታችን ልጅ ነው» አለ። አንተ ጥለኸን የሄድክ ጊዜ ከበር የተመለሱት ሰዎች ግማሾቹ እዚያ ተቀምጠዋል፤ ስለማን እንደሚናገር ያላወቀ አልነበረም። እኔ ኖታው አልታይ አለኝ። መለከት ነፊው፣ እግዚአብሔር ይስጠው፣ የአህያውን ዘፈን ጀመረልንና መጋረጃው ወረደ።

ልብሱን ሲቀይር ሄድኩበት። «ዜማ አልሠራሽለትም አይደል?» አለኝ። «አልሠራሁም፣ አባዬ» አልኩት። «ደግ አደረግሽ። የሚዘፈን ነገር አይደለም» አለና የጫማውን ክር ማሰር ቀጠለ።

ዛሬ ጠዋት ወርዶ ስጽፍ አገኘኝ። «ለእሱ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ምን ልበልልህ ስለው «እኔ የምለውን ብያለሁ፤ አራት መቶ ሰው ሰምቶኛል» አለኝ። ይኼ ግትር! «እሱ ግን አልሰማም» አልኩት። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ መስኮት መስኮቱን ሲያይ ቆየ።

አርኖልድ በጣም ናፍቆኛል በይልኝ ብሏል። ልጄ ቤሪል አጎቴን ሳሚልኝ ትላለች፤ የአህያው የኋላ እግሮች እሷ ነበረች፣ ኩራቷን አትጠይቀኝ። ሚስስ ጎክሮጀር ሰላምታዋን ከነቁጣዋ ልካለች። አንተም ኖራን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ፤ ትንሿን ጉንጯን፣ ትልቁን ግንባሩን።

አባታችን አሁን ብዕሬን ሊወስድብኝ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ደብዳቤው ላይ የሚጨምረው ቃል የለም። አድራሻህን ጠይቆኝ ፖስታው ላይ ራሱ ሊጽፈው ነው። እጁ ይንቀጠቀጣልና «ሴድሪክ» ብሎ እስኪጨርስ ጊዜ ይፈጅበታል፤ እኔም አላጣድፈውም።

እህትህ ኢኒድ
ቶርንሾ፣ ዮርክሸር
ማርች 12 ቀን 1961 እ.ኤ.አ.