አቶ ሙሉነህ ዘገየ እና የቦዩ ዳር መንገድ

አቶ ሙሉነህ ዘገየ ከአባታቸው ከአቶ ዘገየ ወልዴ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ፋናዬ አስፋው በ1955 በወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ተወለዱ፤ ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። የኔዘርላንድ መዝገብ የልደት ቀናቸውን ጃንዋሪ 1 ይለዋል። እናታቸው ግን በፍልሰታ ጾም እንደወለዷቸው ይናገሩ ስለነበር የእናታቸውን ይዘናል።

በሐይቅና በደሴ ተምረው በመንገድ ሥራ የቅየሳ ረዳት ሆነው አራት ዓመት አገለገሉ። በ1979 ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ በ1983 ሮተርዳም ገቡ። በ1988 ከወ/ሮ ሽታዬ ወንድይራድ ጋር ተጋብተው ቢታንያንና ናኦልን ወለዱ። ኑሯቸውን ኦስዶርፕ በሚባለው ሰፈር አድርገው እስከ ጡረታቸው ድረስ በዛንዳም የምግብ መጋዘን ሠርተዋል።

ቤተ ክርስቲያናችን ከ1990 ጀምሮ ያለችው ከከተማው ዳርቻ ነው። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ተነስቶ በቦዩ ዳር፣ በአንድ ገበሬ መሬት ላይ የሚያልፍ የሰባት ደቂቃ የእግር መንገድ ነበረን። አቶ ሙሉነህ በየዓመቱ በጥምቀት ማግስት ለገበሬው ዳቦና «እንድናልፍ ስለፈቀዱልን እናመሰግናለን» የሚል ደብዳቤ ይወስዱ ነበር። ይህን እንዲያደርጉ ያዘዛቸው ሰው አልነበረም። «በሰው ደጅ ዝም ተብሎ ይታለፋል እንዴ?» ይሉ ነበር።

በ2022 መሬቱን የገዙት ሰው መንገዱ ላይ በር አቁመው ቆለፉት። በመኪናው መንገድ በእግር መዞር አርባ ደቂቃ ይፈጃል፤ የእግረኛ መሄጃም የለውም። በሮላተር፣ በባለጎማው መደገፊያ፣ የሚሄዱ እናቶች ከቅዳሴ ቀሩ። አቶ ሙሉነህም መንገዱ በማዘጋጃ ቤቱ የሕዝብ መንገዶች መዝገብና ካርታ ላይ እንዲሰፍር አመለከቱ። ሕጉ ሠላሳ ዓመት ለማንም ክፍት የነበረ መንገድ የሕዝብ ነው ይላል፤ በባለቤቱ ፈቃድ ይታለፍበት ከነበረ ግን አይደለም።

ማዘጋጃ ቤቱ ማመልከቻውን ሳይቀበል ሲቀር ስድሳ አራት ምስክሮች ይዘው ፍርድ ቤት ሄዱ። ጠበቃቸው ካልተጠየቁ በቀር ደብዳቤዎቹን እንዳያነሱ መክረዋቸው ነበር። እሳቸው ሳይጠየቁ ተናገሩ። በ2024 ተፈረደባቸው።

«ጋሼ ሙሉነህ፣ በገዛ ዳቦዎ መንገዳችንን ዘጉት!» ያላቸው ሰው አልጠፋም። እሳቸውም በሳምንቱ በዴን ሃግ ላለው የበላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ጻፉ፤ ውሻቸውን ይዘው የሚያልፉት ጎረቤቶች ማንንም አስፈቅደው እንደማያውቁ፣ ምስጋናው የእሳቸው የብቻቸው እንደነበር አስረዱ። ደብዳቤዎቹን መናገራቸው ልክ ነበር ወይስ አልነበረም ለማለት ይህን የምንጽፈው ሰዎች አንደፍርም። በየሰንበቱ የሚቀሩትን እናቶች ባየን ቁጥር ሐሳባችን ይለዋወጣል።

አቶ ሙሉነህ ባደረባቸው የጉበት ሕመም በቤታቸው ሲታመሙ ቆይተው ኖቬምበር 9 ቀን 2025፣ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጃቸውን ሳሌምን ትተውልናል።

የመሬቱ ባለቤት ዜና ዕረፍታቸውን ሰምተው «ለዛሬ በሩን ልክፈትላችሁ» ብለው ልከውብን ነበር። ቤተሰቡ ከልብ አመስግኗቸዋል። ሆኖም ይግባኙ ገና አልተወሰነም፤ ዛሬ በፈቃድ ብናልፍ በአቶ ሙሉነህ ላይ አንድ ምስክር መጨመር ይሆንብናል። ስለዚህ አስከሬናቸው በመኪናው መንገድ ዞሮ መጥቷል።

በዚያው መንገድ በእግራችሁ ለመጣችሁ እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። የአቶ ሙሉነህን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። አሜን።