በኮንጋ ለቅሶ ቤት በስልክ ለተገኙት ሥራ አስኪያጃችን

ለክቡር አቶ ወንድይራድ
የድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ከጠዋት እስከ ማታ እኛን ሲጠብቁ ለሚውሉት ዓይኖችዎም ብርታት እመኛለሁ። እኛ የዲላ ቅርንጫፍ ሠራተኞችዎ ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ሁሉ ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍሁትም ደፍሬ ሳይሆን፣ «በድርጅታችን ሁሉም ነገር ለሁሉም ይታይ» ሲሉ ያወጡትን መመሪያ ለማክበር ነው።

የምጽፈው ስለ ወይዘሪት ይመኙሻል ነው። በኮንጋ የቡና ማጠቢያ ጣቢያችን ከገበሬዎች ጋር የሚያገናኙን እኚህ ባልደረባ «ከሥራ ገበታ በመቅረትና የበላይን በመናቅ» እንዲሰናበቱ ወስነዋል፤ እኔም በቅርንጫፍ ኃላፊነቴ እስከ ዓርብ እንድፈርም አዘውኛል። ስለዚህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን ሳልለይ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ አረንጓዴዋ ነጥብ። ኮምፒውተራችን ላይ የምትበራው ነጥብ ስትጠፋ ሠራተኛው እንደሌለ እንዲቆጠር ስላዘዙልን እናመሰግናለን። ከዚህ በፊት ሰው ሥራ ላይ መሆኑን የምናውቀው ሥራው ተሠርቶ ስናገኝ ነበር፤ ለካ ስንሳሳት ኖረናል። ቀይ ቡና በሚመጣበት ወቅት ይመኙሻል የሚውሉት ከሚዛኑና ከማድረቂያ አልጋው ዘንድ እንጂ ከኮምፒውተር ፊት ባለመሆኑ፣ መኸሩን በሙሉ «የሉም» ተብለዋል። ስሙን የማልጠራው ሌላ ባልደረባችን ግን ነጥቧ እንዳትጠፋ ማውሱን ከጠረጴዛ ማራገቢያ ጋር አስሮ ምሳው ላይ ይውላል፤ እርሱን የወሩ ትጉህ ሠራተኛ ብለው ስለሸለሙልን ማራገቢያውም ያመሰግንዎታል።

፪. ስለ ለቅሶው። ጎረቤቶቻቸውን አስተባብረው ቡናቸውን ወደ ጣቢያችን ያመጡ የነበሩት አቶ እንድርያስ ባረፉ ጊዜ፣ ይመኙሻል እኔን አስፈቅደው ለቅሶ ደረሱ፤ በለቀስተኛ መካከል ስልክ ማስጮህ ነውር ስለሆነም ስልካቸውን አጠፉ። በዚህ አገር ከሐዘንተኛ ጋር ያልተቀመጠ ሰው በማግስቱ ደጃፍ ቆሞ «ቡናችሁን አምጡልኝ» ሊል አይችልም፤ ስለዚህ ለቅሶ መድረስ የሥራቸው አንድ ክፍል እንጂ ከሥራ መቅረት አይደለም። እርስዎ ግን እርሳቸውን ከገሠጹ በኋላ፣ ለቅሶ ከሩቅም መድረስ እንደሚቻል በተግባር ሊያስተምሩን ወደዱ፤ በትእዛዝዎም መሠረት እርስዎ በቪዲዮ የሚታዩበት ስልክ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ወንበር ላይ ተደግፎ ቆመ።

በመጀመሪያ ስልኩ ስብሰባው እየተቀዳ መሆኑን በእንግሊዝኛ ለሐዘንተኛው አበሠረ። ቀጥሎ ኔትወርኩ ተቋረጠና መልክዎ ከነከረባቱ፣ አፍዎ በጥቂቱ እንደተከፈተ፣ ደርቆ ቀረ። በዚህ መካከል ሟቹን በስም እንጂ በመልክ የማያውቁት አረጋዊት ወይዘሮ ዘነቡ ከዱመርሶ መንደር ዘግይተው ደረሱ፤ የሟች ፎቶግራፍ መስሎአቸውም ከፊትዎ ተንበርክከው «ምነው ልጄ፣ ምነው በዚህ ዕድሜህ!» እያሉ ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። በድንኳኑ የነበሩ ልጆች በሳቅ ሊፈርሱ ሲሉ ይመኙሻል ስልኩን አጥፍተው በነጠላቸው ሸፈኑት። እርስዎ ንቀት ያሉት ይህንን ነው፤ እኔ ግን በዚያ ድንኳን ክብርዎን የጠበቀልዎት ሰው እርሳቸው ብቻ ነበሩ እላለሁ።

የአቶ እንድርያስ ሰፈር ሐዘኑ እንዳበቃ ቡናውን ለጣቢያችን አስረክቦአል። ያስረከበውም ወንበር ላይ ለቆመው ስልክ ሳይሆን፣ ምንጣፍ ላይ ከሐዘንተኛው ጎን ለተቀመጡት ሴት ነው።

፫. ስለ ከሩቅ መምራት። ሰውን ከሩቅ መምራት አይቻልም ብዬ አልከራከርዎትም፤ እኔ ራሴ ፊደል የቆጠርሁት ዓይናቸው በጠፋ የኔታ ዘንድ ነውና። የኔታ አንድም ቀን ፊታችንን አላዩም፤ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ንባባችንን እየሰሙ የተሳሳተውን በድምፁ ለይተው ያርሙት ነበር፣ ያጠናውንም ያውቁት ነበር። ሰነድ የሚያዘጋጁልን አቶ ሳምሶንም አብዛኛውን ሳምንት ከቤታቸው ይሠራሉ፤ ምን፣ ለመቼ እንደምንፈልግ አስቀድመን ስለምንስማማ ፊታቸውን መሰለል አላስፈለገንም። እንግዲህ ከእኛ የሚጠብቁትን ውጤት ይንገሩን፣ ኔትወርክ የማይደርስበትን የሥራ ሰዓት ይመኑልን፣ መኸር ሲገባም አንድ ጊዜ መጥተው የኮንጋን ጭቃ ይርገጡ፤ ከዚያ በኋላ ከወደዱት አገር ሆነው ይምሩን።

ስለ ፊርማው የጠየቁኝን በአጭሩ እመልሳለሁ፤ አልፈርምም። ዓርብም አልፈርምም፣ ከዓርብ በኋላም አልፈርምም። ወደ ለቅሶው እንዲሄዱ የፈቀድሁት እኔ ነኝና፣ ስንብቱን የማይሰርዙ ከሆነ ከይመኙሻል ስም በላይ የእኔን ስም ይጻፉልኝ። እስከዚያው ይመኙሻል ኮንጋ ላይ ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ ነጥባቸው እንደጠፋች ናት።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ወደፊት ስለሚኖርዎት ትዕግሥትም ጭምር፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለእውነት ግን ቀጥ ብዬ እንደቆምሁ፣
ታዛዥዎ፣ በዚህ ጉዳይ ብቻ የማልታዘዝዎ፣
ተክለማርያም ወልደሰንበት
የዲላ ቅርንጫፍ ኃላፊ

ማስታወሻ፤ እርስዎ በሕይወት እንዳሉ ለወይዘሮ ዘነቡ አስረድቼአቸው ፈጣሪን አመስግነዋል። ወዲያው ግን «ታዲያ በሕይወት ካለ ምነው ሳይመጣ ቀረ?» ብለው ጠየቁኝ። «መጥተው ራሳቸው ይንገሩዎት» ብዬአቸዋለሁና ስልኩ ቆሞበት የነበረውን ወንበር አላነሣነውም።