ማን ሠራልሽ ያሉኝ ቀን

ለተከበሩት አባቴ፤

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓይንዎን እንዴት አደረገዎት? አዲሱ መነጽር ተስማማዎት ወይስ አሁንም ግንባርዎ ላይ ሰቅለው ነው የሚፈልጉት? የእማማ ጉልበትስ? የጥገና ሱቁስ? ጣሪያው ሲያፈስ ሬዲዮኖቹን ሸራ ያለብሷቸዋል? እኔ የምሠራበት የልብስ ማጠቢያ ቤት እንፋሎት እጄን ልጦታል እንጂ አካሌ ደህና ነው። ሆዴ ግን ደህና አይደለም። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ለውድድር የሚሆን ሮቦት እየሠራሁ መሆኔን እማማ ነግራዎታለች። ከሥራ ስመለስ ክፍሌ ወለል ላይ ተንበርክኬ ስምንት ወር ለፋሁባት። እግሯ ከተጣለ የሕፃን ጋሪ ጎማ፣ ክንዷ ከአሮጌ መኪና የዝናብ መጥረጊያ ሞተር፣ ገላዋ ከብስኩት ቆርቆሮ ነው። በገንዘቤ የገዛሁት አንጎሏ የሆነውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ብቻ ነው። ስትሄድ ስለምትንቀረፈፍ የሥራ ባልደረቦቼ "እመት ዝግታ" አሏት።

ውድድሩ በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ነበር። ሁሉም በቤቱ የሠራውን ታቅፎ መጣ። ሠላሳ አራት ተወዳዳሪዎች ነበርን፤ ሴት እኔ ብቻ። ሮቦቱ ማንም ሳይነካው ወለሉ ላይ የተበተኑ ዐሥር የእንጨት ቁራጮችን ለቅሞ ቅርጫት ውስጥ መጨመር አለበት። የሌሎቹ እየበረሩ ከግድግዳ ጋር ሲላተሙ፣ የኔዋ ጎንበስ ቀና እያለች ዘጠኙን ለቀመች። አባባ፣ በመጀመሪያው ዙር ከሁሉም በልጣ አንደኛ ወጣች! ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ።

ወዲያው ሦስቱ ዳኞች ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ። ዋናው፣ ረጅም ቀጭን ሰውዬ፣ ሮቦቷን ገልበጥ አድርጎ ሽቦዎቿን አየና "ማን ሠራልሽ?" አለኝ። "እኔ ነኝ የሠራኋት" አልኩት። ፈገግ ብሎ፣ "ያመጣሻትማ አንቺ ነሽ። የሠራትስ? ባልሽ ነው ወንድምሽ?" አለኝ። "የሷ ሥራ አይደለም ብሎ ያመለከተ ሰው ስላለ ፈትተሽ አሳይን" አሉኝ። እያንዳንዷን ሽቦ እየነቀልኩ ከየት ወዴት እንደምትሄድ አስረዳኋቸው። አጠገቤ የነበሩ ተወዳዳሪ፣ ሽማግሌ የአሳንሰር መካኒክ፣ "የኔንስ ለምን አታስፈቱኝም? ጢም ስላለኝ ነው?" ብለው ተቆጡ። የሰማቸው የለም።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ "እሺ፣ አምነናል" ብለው ሄዱ። እነሱ እስኪያምኑኝ ሁለተኛው ዙር ተጠራ። በጥድፊያ ስገጣጥም የባትሪውን ሁለት ሽቦዎች አቀያይሬ ሰካኋቸው። ጭስ ቡልቅ አለ፤ ሰሌዳው ተቃጠለ። ሽማግሌው መለዋወጫ ሰሌዳቸውን ይዘው ሮጡልኝ፤ አልገጠመም። ስምንት ወር የለፋሁባትን በገዛ እጄ አቃጠልኳት። የተሳትፎ ወረቀት ሰጥተው አሰናበቱኝ።

በዳኛው እንኳ ያን ያህል አልተናደድኩም። "ማን ሠራልሽ?" ሲለኝ መጀመሪያ ምላሴ ጫፍ ላይ የመጣው መልስ ምን እንደነበር ያውቃሉ? "ወንድሜ" የሚል ነው። መልሼ ዋጥኩት። ከየት እንደለመድኩት እርስዎ አይጠፋዎትም። ዐሥራ አንድ ዓመት ሱቅዎ ውስጥ ስሠራ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ወደ ጓዳ ያስገቡኝ ነበር። እኔ የጠገንኩትን ሬዲዮ እያስረከቡ፣ "ልጄ ነው የሠራው፤ እጁ ወርቅ ነው" ሲሉ ከመጋረጃው ጀርባ እሰማለሁ። ወንድሜ ያኔ ኳስ ሜዳ ነው። ሴት ልጅ ጠገነችው ከተባለ ደንበኛ ይሸሻል አሉኝ፤ ልጅ ነበርኩና አመንኩ።

ይሄንንም ትቼው ነበር። ባለፈው እሑድ ግን እማማ ደወለችና፣ ከውድድሩ በፊት የላክሁትን የሮቦቷን ፎቶ ሱቁ ውስጥ እንደሰቀሉት ነገረችኝ። በደስታ አለቀስኩ። ቀጥላ፣ ሰው ሲጠይቅዎ "ወንድሟ በስልክ እየመራት ነው የሠራችው" እንደሚሉ በየዋህነት ጨመረችልኝ። አባባ፣ ዳኛው እንኳ አስፈትቶ አየና አመነኝ። እርስዎ እኮ መበየጃውን እጄ ላይ ያስያዙኝ ሰው ነዎት!

ፎቶውን ያውርዱልኝ። አለዚያም እውነቱን እየተናገሩ ይስቀሉት። ከሁለቱ አንዱን እስኪያደርጉ ድረስ ወደ ሱቁ አልደውልም።

እማማን ይሳሙልኝ፤ ለምን ነገርሻት ብለው እንዳይቆጧት። አክስቴን ጥርሱ ተተከለልሽ ወይ ይበሉልኝ። የወንድሜን ሚስት እንኳን በሰላም ተገላገልሽ ይበሉልኝ። ወንድሜንም ሰላም ይበሉት፤ በስልክ ሲመራኝ የትኛውን ሽቦ የት እንዳሰካኝ እስቲ ይጠይቁት፤ እሱም ይሳቅ። እርስዎን ተቀይሜዎታለሁ፤ ቢሆንም በደብዛዛ መብራት አይሥሩ፣ ዓይንዎን ይጠንቀቁ።

ሬዲዮኖቹን ስትጠግን የኖረችው ልጅዎ

ከልብስ ማጠቢያው ቤት በላይ ካለችው ክፍሌ
የካቲት 9 ቀን